ከግልገሏ ጋር ታይታለች

«ጻፊ እንጂ! ብዕሩ ደረቀብሽ እንዴ?» አለ ካቤሪያ።

ንኪሮቴ ባዶውን ወረቀት ታያለች። አባቷ ካቤሪያ የፓርኩ አውራሪስ ጠባቂ ነው። በደረቅ መሬት ላይ እንኳ ዱካ አይጠፋውም፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። ስለዚህ ከጥበቃ በተመለሰ ቁጥር የትኛዋ አውራሪስ የት እንደታየች እሱ ይናገራል፣ እሷ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች፤ ከሥሩ አውራ ጣቱን ያትማል።

ባለፈው ቅዳሜና እሑድ ተራው የካቤሪያ ቢሆንም ጥበቃ አልወጣም። ወደ ናይሮቢ የሚሄደው የጫት መኪና ሰኞ ማለዳ ስለሚመጣ፣ አባትና ልጅ ሁለቱን ቀን በኒያምቤኔ ኮረብታ ጫት ሲቀነጥሱ ዋሉ። እሑድ አመሻሽ ላይ፣ «ለሁለቱም ቀን ‹ጥቁሯ አውራሪስ ከግልገሏ ጋር ታይታለች› ብለሽ ጻፊ» አላት። ነጮቹ አውራሪሶች ሜዳ ላይ ስለሚግጡ ማንም ያያቸዋል፤ ጥቁሯ ግን ከጥሻ አትወጣም። «አይቻታለሁ» ያለውን ጠባቂ የሚያስተባብለው የለም። አንድ ቀን ያልታየች አውራሪስ በማግስቱ እንድትፈለግ ደንቡ ያዛል። ንኪሮቴ ይህን እያወቀች ጻፈች።

ማክሰኞ ዕለት ሙቱማ የተባለው ወጣት ጠባቂ የጥቁሯን አውራሪስ ሬሳ አገኘ። ቀንዷ ተቆርጧል፤ የቀረውን ጅብ በልቶታል። ግልገሏ ከእናቷ አጥንት ሳትርቅ በውኃ ጥም ሞታለች። መዝገቡ እስከ እሑድ ደህና ነበረች ስለሚል፣ የተገደለችው ሰኞ፣ በሙቱማ ተራ ነው ተባለ። ሙቱማ ታሰረ። ግልገል በአንድ ቀን በጥም እንደማትሞት ግን ንኪሮቴ ታውቃለች።

ዛሬ ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ የሙቱማን እህት፣ «ካዊራ፣ ወንድምሽ ቀንዱን በስንት ቸበቸበው?» አላት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«አንተንም ይሸጥህ ነበር፤ ገዢ ከየት ይምጣ!» አለች ካዊራ። ከዚያ ንኪሮቴ አጠገብ ተቀምጣ በሹክሹክታ፣ «አንቺ ብቻ ነሽ ያልሳቅሽው» አለቻት።

አሁን የፓርኩ ኃላፊ የካቤሪያን ቃል በጽሑፍ ይፈልጋል።

«‹እሑድ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ› በይ» አለ አባቷ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ እየነከረ።

«አባዬ፣ ሙቱማ እኮ...»

«ሙቱማ ገና ልጅ ነው፤ ታስሮ ይፈታል። እኔ ብባረር ማን ያበላናል? ደግሞም በመዝገቡ ላይ ያለው የማን ጽሕፈት ነው? ያንቺ አይደለም?»

«የእኔ ነው» አለች ንኪሮቴ።

አጎንብሳ ጻፈች፤ ረጅም አልነበረም።

«በይ አንብቢልኝ።»

«‹ቅዳሜም እሑድም ጥቁሯ አውራሪስ አልታየችም። አባቴ ከእኔ ጋር ጫት ለቀማ ላይ ነበር። ታይታለች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።›»

የካቤሪያ አውራ ጣት ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀለሙ ጣቱ ላይ ደረቀ።

ንኪሮቴ ከግርጌው ስሟን ጻፈች፤ ከጎኑ ለአባቷ ጣት የሚበቃ ቦታ ተወች። ከዚያ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው።