ለትምህርት ያጠፋነው ልጅ

ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር... ግን ሆኗል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ኮሌጃችን፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ በመስኮት የምትገባበት ክፍል።

የሥነ ጽሑፍ መምህራችን ተማሪን በተማሪ ማስተማር ይወዳሉ። የዚያን ቀን ተራው የእኛ ነበር፤ የእኔ፣ የአብሮ አደጌ የቀጮ፣ እንዲሁም ሁሉን ስለምታዝ «አለቃ» የምንላት ልጅ።

ርዕሳችን ዲስቶፒያ በሚባሉት፣ የጨለመ መጪ ዘመንን በሚተርኩ ልብ ወለዶች ውስጥ ያለው ግጭት ነው፤ ጨካኝ ሥርዓት አንድን ሰው እንዴት እንደሚውጥ። ለክፍላችን ልጆች በትወና ልናሳያቸው ተስማማን። አንድ ሰው «የለም» ተብሎ ይታወጃል፤ አየሁት ያለ ደግሞ እሱም ይጠፋል።

«እኔን አጥፉኝ» አለ ቀጮ። «ቢያንስ መምህሩ አይጠይቁኝም።»

«ቀጮ የሚባል ሰው የለም» ብለን አወጅን።

ቀጮ በተማሪዎቹ መካከል እየዞረ አላገጠባቸው፤ የአንዱን ጆሮ ቆነጠጠ። ንቅንቅ ያለ የለም።

«አበቃ! ትወናው አልቋል» አልኩ።

ተጨበጨበ።

ግን ማንም ወደ እሱ አላየም...

«በሉ እንጂ፣ አበዛችሁት» አለ ቀጮ።

አንዲት ልጅ የእሱን ወንበር ጎትታ እግሯን ሰቀለችበት።

መምህሩ ፈገግ አሉ። «ሁለታችሁም ጥሩ አስተምራችኋል።»

ሁለታችሁም?

«መምህር፣ እኛ እኮ ሦስት ነን።»



ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አለቃ እጄን ያዘችኝ።

«ዝም በል» አለች በሹክሹክታ።

«አታይውም እንዴ?»

«አየዋለሁ... ሁላችንም እናየዋለን። ዝም በል፣ በናትህ!»



ቀጮ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ሳቁ የለም።

«አንተ ታየኛለህ አይደል... ወንድሜ?»

አለቃ እጄን ጨመቀችው። እንዳትመልስ ማለቷ ነው።

«አይሃለሁ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

አለቃ እጄን ለቀቀች፤ ከዚያ ወዲያ እኔንም አላየችኝም።

ቀጮን ጎትቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ የሌላ ክፍል ተማሪዎች ሞልተውበታል። ስለ ትምህርታችን አንድም ነገር አልሰሙም።

በሩ አጠገብ አንድ ልጅ በስልክ እያወራ ነበር። ቀና ብሎ እኛን አየን። ወሬውን በመሀል አቋርጦ... ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከእሱ ቀጥሎ ያለችውም እንዲሁ።

ከእሷ ቀጥሎ ያለው...

ደረጃው ጋ ወለል የምትወለውለው ሴት ቀና አለች። መወልወያዋን በባልዲው ውስጥ አቆመች። እጇን በቀሚሷ አደራረቀች።

ከዚያም እኛን ላለማየት ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።