የጓሮው ራውተር

ሬሳውን ሊያጥቡ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች የሐጅ አብዱልሃኪምን ግራ እጅ ገልጠው ሲያዩ የያዙትን ውኃ አስቀመጡ። የጣቶቹ አንጓ ተልጦ ደም ቋጥሯል። የሐጁ ቀኝ ጎን በስትሮክ ከሞተ ዓመታት አልፈውታል፤ የሚታዘዛቸው እጅ ይኸው ግራው ብቻ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ «አስም ነው ያላችሁን፤ አስም እጅ አይልጥም» ብለው ወደ ፖሊስ ላኩ።

ኢንስፔክተር የብርጓል ስትደርስ ግቢው ለቀስተኛ ሞልቶታል። ቤቱ ከጣና ዳር፣ ከሟቹ የብረት ጀልባ መሥሪያ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ከማንም ጋር ሳትነጋገር በቀጥታ መኝታ ቤት ገባች። ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ቀለሙ ተፈቅፍቋል፤ ደም ደርቆበታል። የኮሞዲኖውን መሳቢያ ሳበችው። የአስሙ ስፕሬይ ክዳኑ ተገጥሞ በሥርዓት ተቀምጧል። ነቀነቀችው፤ መድኃኒት አለው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን ስትዘረጋ መሳቢያውን ያለ ምንም ችግር ደረሰችበት።

«ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱ እጁ ሥር እያለ ግድግዳ አይደበድብም» አለችው ለተከተላት ፖሊስ። «ሲደበድቡ መድኃኒቱ እዚህ አልነበረም። ከሞቱ በኋላ ነው የተመለሰው። የመለሰው ደግሞ እግር ያለው ሰው ነው።»

በቤቱ የሚኖሩት ሦስት ናቸው፤ ሁለተኛዋ ሚስት መዲና፣ ከመጀመሪያዋ ሚስት የተወለዱት ፈይዛና ቡርሀን። የብርጓል መጀመሪያ መዲናን ጠራች።

«ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ የት ነበሩ?»

«ወጥ ቤት። ዓሣ እያጸዳሁ።»

«ባልዎ ግድግዳ ሲደበድቡ አልሰሙም?»

«ያ የኮሪደሩ ማተሚያ ማሽን እየጮኸ ማን ምን ይሰማል? ፈይዛ ከጓሮ ክፍሏ ሆና ስታትም ኮሪደሩ ወፍጮ ቤት ነው የሚመስል። እስከ መግሪብ አላቆመም። መግሪብ ላይ ውኃ ይዤላቸው ስገባ አልቀዋል።»

«ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ነበር?»

መዲና ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባት። «አልነበረም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ብቻ ነበርሁ።»

«ደግ ባል ነበሩ?»

«ደግ ሰው አገባሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ቡርሀን ትናንት ጀልባ ሊያስረክብ ደቅ ደሴት ውሎ የተመለሰው ከመሸ ነው፤ አብረውት የተሻገሩት ሰዎች መስክረውለታል። እንባው እየወረደ ጥያቄዋን መለሰ።

«ፈይዛ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እየተየበች ነው የምትኖር» አላት። «የቤቱ ኮምፒውተር ከአባቴ አልጋ አጠገብ ነው። እሷ ስትሠራ እሳቸው ይሰድቧታል። ባል ያጣሽ፣ ሸክም፣ ሞቴን ጠባቂ፣ ያልተባለችው የለም። እኔ ላፕቶፕ ገዛሁላት። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ራውተር አምጥቼ፣ ከኮሪደሩ ሞደም እስከ ጓሮ ክፍሏ ገመድ ሳብሁ። በሯን ዘግታ እንድትሠራ።»

«ፕሪንተሩንስ?»

«ላፕቶፑን መጀመሪያ ከሞደሙ ጋር በገመድ አገናኝቼ ፕሪንተሩን ጫንሁበት። ከዚያ ራውተሩን ተከልሁ።»

«ራውተሩ ከተተከለ በኋላ አንድ ገጽ አትመህ አየህ?»

ቡርሀን አሰበ። «ኢንተርኔቱ መጣ። ሌላ ምን ቀረ ብዬ ሄድሁ።»

ፈይዛ ጓሮ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ዓይኖቿ አላበጡም።

«ትናንት እዚሁ ነበርሁ» አለች ሳትጠየቅ። «ከላፕቶፔ እያተምሁ። መዲናም ሰምታለች፤ ጎረቤትም ሰምቷል።»

«ተማሪው ስንት ቅጂ አዞሽ ነበር?»

«አንድ።»

«ኮሪደሩ ውስጥ ያየሁት ክምር ግን ያው ጽሑፍ ሦስት ጊዜ የታተመ ነው።»

«ተሳስቼ ነው።»

«ራውተሩን ወንድምሽ ከተከለው ወዲህ የነካው ሰው አለ?»

«ማንም። እኔ አላውቅበትም።»

«እንግዲያው አንድ ገጽ አትሚልኝ።»

ፈይዛ ትእዛዙን ሰጠች። ኮሪደሩ ጸጥ እንዳለ ቀረ። ላፕቶፑ ፕሪንተሩን አላገኘሁትም አለ።

«አንዳንዴ እንዲህ ያመዋል» አለች ፈይዛ።

የብርጓል ኮሪደር ሄዳ ፕሪንተሩን አጥፍታ አበራችው። ወረቀቱን አየች፤ ገመዱን ነካች። የራሱን ቁልፍ ተጭና የሁኔታ መግለጫ ገጹን ስታስወጣው ጥርት አድርጎ አተመ፤ ገጹ ላይ የኔትወርክ አድራሻው አለ። ከላፕቶፑ አድራሻ ጋር አስተያየችው። አይዛመዱም። መጨረሻ ላይ የሟቹ ክፍል ገብታ ከአሮጌው ኮምፒውተር አንድ ገጽ ላከች። ፕሪንተሩ ወዲያው እየጮኸ ተፋው።

ቆማ ያን አልጋ አየችው። ከኮምፒውተሩ ወንበር እስከ ትራሱ አንድ ክንድ አይሆንም።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ ከበሩ ቆመ። የፈይዛ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ከመድኃኒቱ ልጀምር» አለች። «ስፕሬዩን አንድ ሰው ወሰደው፤ ሐጁ ሲሞቱ ክዳኑን ገጥሞ መለሰው። ስለዚህ ያ ሰው አጠገባቸው ሆኖ እስኪሞቱ ጠብቋል። ቡርሀን ደቅ ነበር። ወይዘሮ መዲና ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፤ ፈይዛ ጓሮ ሆና ስታትም ተሰምቷል። እስከዚህ ድረስ ጣት ወደ ወይዘሮ መዲና ነው የሚጠቁም።»

መዲና ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«ነገር ግን አዲስ ራውተር ሲተከል የራሱን መንደር ይመሠርታል። ለያዛቸው ዕቃዎች የራሱን አድራሻ ይሰጣቸዋል። ላፕቶፑ ወደ አዲሱ መንደር ሲገባ ፕሪንተሩ ከሞደሙ ጋር በአሮጌው ቀረ። ኢንተርኔት ለሁለቱም ይደርሳል፤ ላፕቶፑ ግን ፕሪንተሩን ፈልጎ አያገኘውም። በመሥሪያ ቤታችንም ይኸው ደርሶ አንድ ሳምንት አንከራቶናል። እንግዲህ ትናንት ከጓሮ ክፍል አንድም ገጽ ሊታተም አይችልም ነበር። ፕሪንተሩ ግን ጮኋል። የሚያዝዘው ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከሐጁ አልጋ አጠገብ ያለው።»

«ትናንት ይሠራ ነበር!» አለች ፈይዛ። «ዛሬ ነው የተበላሸው።»

«ይሁን። እንጠግነው።»

የብርጓል ራውተሩን ከነገመዱ ሳሎን አስመጥታ ነበር። ቡርሀን ኢንተርኔት ከሚለው ቀዳዳ ሰክቶት የነበረውን ገመድ ነቅላ ከጎኑ ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ ውስጥ ሰካችው። ከዚያ በላፕቶፑ ገብታ ራውተሩ አድራሻ ማደሉን እንዲያቆምና ሁሉም ከአሮጌው ሞደም እንዲቀበል አደረገች። አጥፍታ አበራችው።

ኮሪደሩ ውስጥ ፕሪንተሩ ጮኸ።

አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ፣ ሌላ። መዲና ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

«ፈይዛ ዛሬ የላከችው አንድ ገጽ ብቻ ነው» አለች የብርጓል። «የቀረው ትናንት ከክፍሏ የላከችው ነው። ልካ፣ ደግማ ልካ፣ እምቢ ሲላት ላፕቶፑ ውስጥ ተኝቶ የቆየ። አሁን መንገድ አገኘ። ትናንት ከዚያ ክፍል ታትሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚጠብቅ ገጽ አይኖርም ነበር። ፈይዛ፣ ጽሑፉን በፍላሽ ይዘሽ በጓሮ በር ወደ አባትሽ ክፍል ገባሽ። አንድ ቅጂ ለተማሪው ነበር። የቀሩት ሁለቱ ግን ለድምፁ ነበሩ።»

ፈይዛ ፕሪንተሩ እስኪያቆም ጠበቀች።

«ሳቁ» አለች። «ስገባ ሲያዩኝ ሳቁ። ‹አንድ ቀን እንኳ አልቆየሽም! ወዴት ልትደርሽ?› አሉኝ። በሳቁ ነው ትንፋሻቸው የተያዘ። ስፕሬዩን ያወጣሁት ልሰጣቸው ነበር፤ በአላህ ስም ልሰጣቸው ነበር። ‹እባክሽ ልጄ› አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ድጋሚ ሲሉት ልስማ ብዬ ያዝሁት።»

«ድጋሚ አሉት?»

«ብዙ ጊዜ። መናገር ሲያቅታቸው ግድግዳውን መቱ። እኔም ማተሙን ቀጠልሁ።»

«ወረቀት አለቀብሽ» አለች መዲና በድንገት። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። «መሐል ላይ ማሽኑ ዝም አለ። ያኔ ሰማኋቸው። ሲመቱ ሰማሁ።»

«ታዲያ?» አለች የብርጓል።

«እጄን ታጠብሁ። አደረቅሁ። ከዚያ ማሽኑ እንደገና ጮኸ፤ እኔም ወደ ዓሣዬ ተመለስሁ።» መዲና ፈይዛን አየቻት። በሁለቱ መካከል ጠብ አልነበረም፤ ይቅርታም አልነበረም።

ፈይዛን በለቀስተኛው መሐል አሳልፈው ወደ መኪና ወሰዷት። አንዲት አክስቷ ምራቋን ተፋችባት። ፈይዛ ዞራ እንኳ አላየቻትም።

ቡርሀን የብርጓልን እስከ ውጭ በር ተከተላት።

«ኢንስፔክተር፣ ያን ገመድ በትክክል ሰክቼው ቢሆን?»

የብርጓል ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚሆን ለስላሳ ውሸት ብዙ ታውቃለች። አንዱንም አላነሣችም።

«እህትህ ከክፍሏ አትወጣም ነበር» አለችው። «አባትህም ዛሬ ይሳደቡ ነበር።»

ቡርሀን አጥሩን ተደግፎ እየተንሸራተተ መሬት ተቀመጠ። ከግቢው ሙሉ ሰው ሊያነሣው የመጣ አልነበረም።