ጥሩው ቦታ እስኪደርስ

«ማሎ፣ እባክሽ ትንሽ እንውጣ። የምነግርሽ ነገር አለኝ» አለች ሻሽቱ ወደ ታናሽ እህቷ ጆሮ ጠጋ ብላ።

ጃለኔ ዓይኗን ከሲኒማው ሸራ ሳትነቅል የእህቷን እጅ ጨበጥ አደረገች። «አሁን አይሆንም፣ እታለም። ጥሩው ቦታ ሊደርስ ነው።»

ጥሩው ቦታ ሊደርስ ነው ስትል ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ሸራው ላይ ነጭ ሐር የለበሰች ወይዘሮ በሐይቅ ዳር ትሄዳለች፤ አንድ የጥንት ዘመን መስፍን ፈረሱን እየሳበ ይከተላታል። ሐይቁ ያምራል፣ ፈረሱ ያምራል፣ የቀሚሷ ጫፍ ሣሩን እየጠረገ ሲያልፍ መጀመሪያ ላይ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ያ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። አሁን ሰዉ ማዛጋት ጀምሯል።

የሲኒማው መኪና ከአዲስ አበባ ወደ መቱ የሚመጣው ቢበዛ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የዚያን እሑድ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነው፣ ሸራው ከጃንሆይ ፎቶግራፍ በታች ተሰቅሎ፣ ከጎሬ የመጡት ሹማምንት ፊት ወንበር ላይ ተደርድረው ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው ይዞ እንዲገባ ተፈቅዶለታል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መምህር ምንዳዬ ከሸራው አጠገብ ቆመው ያስረዳሉ። ሲጀምሩ የመስፍኑን የዘር ሐረግ ሳይቀር ቆጥረው ነበር። እየቆዩ ግን የሚሉት አጡና «ይወዳታል» ማለት ብቻ ቀራቸው፤ ቆየት ብለው ደግሞ «አሁንም ይወዳታል» አሉ።

«ታዲያ ለምን ሽማግሌ አይልክም?» አሉ ነጋዴው አቶ ደርበው ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሻሽቱ ብቻ አልሳቀችም።

ለሻሽቱ ሽማግሌ ተልኮላታል። በመጪው ሐሙስ ሠርጓ ነው፤ ያዮ ለሚኖር፣ ማርና ቡና ለሚያመርት ቀጀላ ለሚባል ሰው ልትዳር ነው። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት አባቷ አቶ ነገራ እሺ አሉ፣ አክስቷ ዲንቄ እልል አለች። እሷን ሲጠይቋት አንገቷን ደፋች፤ መድፋቷም እንደ እሺታ ተቆጠረ። ሰውየውን ያየችው ሁለት ጊዜ ነው፣ ያውም በሩቅ።

እናታቸው ስትሞት ጃለኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አጥባ፣ አብልታ፣ ፀጉሯን ሠርታ ትምህርት ቤት የላከቻት ሻሽቱ ናት። እሷ ራሷ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ዛሬ የገባችውም ለፊልሙ ነው። ትናንት ማታ «ነገ ሶር ወንዝ ወርደን ልብስ እንጠብ» ብላ ነበር። ቤቱ ለሠርጉ ሽንኩርት በሚከትፉና ጌሾ በሚወቅጡ ሴቶች ተሞልቶ ሁለት ሰው የሚያወራበት ጥግ የለም። ጃለኔ ግን ልብስ ሌላ ቀንም ይታጠባል፣ ሲኒማ ግን ዳግመኛ ለከርሞ ነው ብላ ለመነቻት። በመኪናው ጎን የተለጠፈውን ሥዕል አይታ ልቧ ጠፍቶ ነበር። እህቷ ከመሄዷ በፊት እውነተኛ ፍቅር ምን እንደሚመስል ላሳያት ብላ አሰበች። ሻሽቱ እንደ ልማዷ እሺ አለች።

እና ጥሩው ቦታ አልደረሰም። ሻማው በራ፣ በረዶው ዘነበ፣ ሁለቱ ሰዎች በእያንዳንዱ ክፍል ቆመው ተያዩ። በመጨረሻ ወይዘሮዋ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሠረገላ ላይ ወጥታ ሄደች፤ መስፍኑም በረዶው ውስጥ ቆሞ ቀረ። መምህር ምንዳዬ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት። ከመስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብሱ ሲወርድ አንዱ «አለቀ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ጃለኔ እንደተታለለች ተሰማት። ወደ ውጭ እየወጡ ስትነጫነጭ ነበር። «ሞኝ ናት እንዴ? ሁለት ሰዓት ሙሉ አብራው ስትዞር ለምን አልነገረችውም?»

ሻሽቱ ነጠላዋን አስተካከለች። «የሚሰማት አጥታ ይሆናል» አለች፣ ፈገግ ብላ።

ጃለኔ ያን ጊዜ ነው የባነነችው። ምን ልትነግራት እንደነበር ጠየቀቻት። ግን አክስታቸው ዲንቄ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በሩ ላይ ቆማ፣ ልብስ ሰፊው ሙሽራዋን እየጠበቀ እንደሆነ እየተናገረች ነበር። «ይቆይ» አለች ሻሽቱ። ከዚያ እስከ ሐሙስ ድረስ አንድም ጊዜ ብቻቸውን አልሆኑም። ሐሙስ ሚዜዎቹ መጡ፤ በቅሎዋም እየተዘፈነላት ሙሽራዋን ይዛ ሄደች።

ጃለኔ ፊልሙን በሳምንቱ ረሳችው። ያልረሳችው በጆሮዋ የተነገራትን ነው። ያችን ቀን መልሰው ቢሰጧት ምን እንደምታደርግ እያሰበች፣ አንዳንዴ የመምህሯን ጥያቄ ሳትሰማ ትቀር ነበር። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምራ ቀደደችው። ሻሽቱ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤው ያዮ ቢደርስ የሚያነብላት ባሏ ነው፤ ይህ ደግሞ በባል አፍ የሚጠየቅ ነገር አልመሰላትም።

ከሠርጉ በኋላ በሦስተኛው ቅዳሜ ጎረቤታቸው አቶ ጅራታ ቡና ሊጭኑ በጭነት መኪናቸው ወደ ያዮ ሲወርዱ አብራ እንድትሄድ አባቷን ለመነች። ሰኞ የስምንተኛ ክፍል የሙከራ ፈተና ነበረባት። አባቷ በዚያው ቀን በዚያችው መኪና እንድትመለስ አስጠንቅቀው ፈቀዱላት።

ሻሽቱ ከሩቅ ስታያት እየሮጠች መጣች። ፀጉሯን እንደ ባለትዳር በሻሽ አስራለች፤ ትንሽ ከስታለች። ዳቦና ማር አቀረበችላት፤ ስለ አባባ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ፈተናው ጠየቀቻት። አማቷ አጠገባቸው ተቀምጠው ደግ ደጉን ይናገራሉ፤ ከወንበራቸው ግን አይነሱም። ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲያዘነብል ነው የተሰጣውን ቡና ሊያገላብጡ የወጡት።

«ያን ቀን ምን ልትነግሪኝ ነበር?» አለች ጃለኔ ወዲያው።

«የቱን ቀን?» አለች ሻሽቱ። ግን ገብቷታል። «አሁን ምን ያደርጋል፣ ተይው።»

«ንገሪኝ።»

ከመንገዱ በኩል የአቶ ጅራታ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሻሽቱ ባዶውን የማር ሳህን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እምቢ ብል ከጎኔ ትቆሚ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አባባ እኔን አይሰሙም። አንቺ ብትናገሪ ግን ይሰሙ ነበር። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ጃለኔ አፈረች። ለአንድ ሐር ቀሚስና ለአንድ ሐይቅ ብላ ነው እህቷን ዝም ያሰኘቻት። «ክፉ ሰው ነው?» አለች።

«ኧረ አይደለም። አይቆጣኝም፤ ከጫካ ሲመለስ መጀመሪያ የቆረጠውን ማር የሚያመጣው ለእኔ ነው። እለምደዋለሁ መሰለኝ። ግን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር፤ ፈርቼ ነበር። አንድ ሰው ፈርተሻል ወይ ቢለኝ...»

ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ። ሻሽቱ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ተነሳች። «ሂጂ በይ። ሰኞ ፈተና አለሽ። የሚቀጥለው መኪና ማክሰኞ ነው።»

ጃለኔ ወጣች። አቶ ጅራታ ሞተሩን አስነስተው በሩን ከፍተውላት ነበር። እሷ ግን አልገባችም፤ ማክሰኞ እንደምትመለስ ለአባቷ እንዲነግሩላት ጠየቀቻቸው። ሰውየው ፈተናውን አስታወሷት፣ አባትሽ ይቆጣሉ አሏት። አውቃለሁ አለች። ፊቷን ጥቂት አዩና በሩን ዘግተው ማርሽ አስገቡ።

ስትመለስ ሻሽቱ ቤቱ መሐል እንደቆመች ነበረች። «ፈተናውስ?»

ጃለኔ መደቡ ላይ ተቀምጣ ቦታ ለቀቀችላት።

«ገና አልጨረስሽም» አለቻት።

ሻሽቱ ወደ ውጭ አየት አደረገች። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ መጥታ ተቀመጠች።