የጥፍር ቀለም የተቀባው ብሎን

ባሕሮም በሞላ የሚሠራ አሮጌ የፊልም ካሜራ ታቅፎ ዙምራድ ሱቅ በር ላይ የቆመው በሚያዝያ ነው፤ የታሽከንት የእንጆሪ ዛፎች ገና ቅጠል ሲያወጡ። ዙምራድ ከአጎቷ በተረከበችው ጠባብ ሱቅ የልብስ ስፌት መኪናና የግድግዳ ሰዓት ትጠግናለች። አግብታ ፈትታለች፤ ሰፈሩም ይህን አይረሳላትም።

«አባቴ መካኒክ ነበሩ፤ የዘመድ ሠርግ ሁሉ ያነሱት በዚህ ነው» አላት። «ካመማቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸውም ምላሳቸውም አልታዘዝ ብለዋቸዋል። እህቴ በመስከረም ትዳራለች፤ እሷን ማንሳት ይፈልጋሉ። ሞላው ይጠመዘዛል፣ ፊልሙ ግን አይንቀሳቀስም።»

«ካሜራ ሠርቼ አላውቅም።»

«ሌሎቹም አያውቁም። እርስዎ ቢያንስ አልሳቁብኝም።»

ስትከፍተው የውስጡ ቅባት እንደ ሰም ደርቋል። የማርሽ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በቤንዚን አጠበች፤ ፊልሙን የሚስበውን የተጣመመ ምላስ በፒንሳ አቀናች። ካሜራው እንደ ንብ እያጉረመረመ ዞረ። ባሕሮም ካሜራውን ትቶ እሷን ሲያይ ያዘችው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ካሜራው አሁን ልጓሙ እንደተበጠሰ ፈረስ ይጋልባል። ፍጥነቱን የሚገድበውን ብሎን አጠበቀችለት። ከዚያም ብሎኑ ላልቶ ደግሞ መጣ፤ ደግሞም።

እሷ ካሜራውን ስትፈታ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አፕሪኮት ይፈለፍላል፤ ስለ ተማሪዎቹ ያወራል። የጂኦግራፊ መምህር ነው።

«ትናንት አንዱ የአራልን ባሕር ማን ጠጣው ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«የጥጥ እርሻ አልኩት። አላመነኝም።»

ትስቃለች። እሱ ሲሄድ ግን ንዴቱ ይመለስባታል። ስንት የሞተ ሰዓት ያስነሳች እጇ አንዲት ብሎን ማጥበቅ አቃታት? ነገሩ እልህ ሆነባት። ምግብ አስጠላት፣ ደንበኛ ላይ ጮኸች። ባሕሮም ደግሞ እናቱ ሚስት እየፈለጉለት መሆናቸውን እንደ ዋዛ ጣል አድርጎላት ነበር። እሷም ካሜራው ላይ አጎነበሰች።

በሐምሌ ብሎኑን አጥብቃ ከጠርዙ ጋር በቀይ የጥፍር ቀለም አጣበቀችው። በራሱ ቢላላ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ሰው ቢነካው ይፋቃል።

ካሜራው ሲመለስ ቀለሙ ተፍቋል።

«ይህን ማን ነካው?»

«ማንም።»

«አትዋሸኝ።» አንቱታው ሳታስበው ከአፏ ወደቀ። «በካቻቢቴ ነው የላላው። እኔ በጋውን ሙሉ እጄን ስረግም አንተ መጫወቻ አደረግኸኝ?»

«ዙምራድ፣ እውነቴን ነው...»

«መምጣት ከፈለግህ በሩ ክፍት ነበር። ሰበብ የፈለግኸው ከፈት ሴት ጋር መታየት አፍረህ ነው?»

ባሕሮም ፊቱ ገረጣ። ካሜራውን በመሐረቡ ጠቀለለ። «እንዲህ ካሰብሽኝ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታወሪ የነበረው ከሌላ ሰው ጋር ነው» አለና ወጣ።

ዙምራድ ያን ሰሞን የነካችው ሁሉ ይሰበር ጀመር። በነሐሴ አንድ ቀትር ላይ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ላብ አጥምቋቸው ገቡ። ሰውዬውን አላወቀቻቸውም፤ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ካሜራ ግን አወቀችው።

ሳይናገሩ ተቀመጡ። በግራ እጃቸው ከጠረጴዛዋ ትንሿን ካቻቢቴ አንስተው ብሎኑን አላሉት፤ ካሜራው ጋለበ። አጠበቁት፤ ሰከነ። ከዚያ ደረታቸውን በጣታቸው ነኩ።

«እኔ።»

«አባባ! ለምን?»

ቃላቱ እየተጎተቱ መጡ። «ልጄ... ከዚህ ሲመለስ... ያፏጫል። ከታመምኩ ወዲህ... ቤታችን ያፏጨ የለም።»

ልትቆጣቸው ፈለገች። «ልጅዎን ውሸታም ብዬ አባረርኩት እኮ።»

«አውቃለሁ። ማፏጨቱን... ተወ።»

ሱቋን ዘጋች፤ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ እያሉ ቤታቸው ደረሱ። ባሕሮም ግቢው ውስጥ የወይን ሐረግ ያስራል። እናቱ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ።

«ሰዓት ሠሪዋ ናት? ያቺ ፈቷ?»

«አዎ፣ ፈቷ ነኝ» አለች ዙምራድ። «ልጅዎን በድዬው ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ብሎኑን ያላሉት አባቱ ናቸው።»

ባሕሮም ወደ አባቱ ዞረ። ሽማግሌው ወይኑን ቀና ብለው ያያሉ።

«እርስዎ ነዎት? እኔ ስንት ጊዜ በዚያ ፀሐይ ስመላለስ...» ከቁጣው መሐል ሳቅ አመለጠው። ወደ ዙምራድ ተጠጋ። «በሩ አሁንም ክፍት ነው?»

«በአባትህ በኩል አትምጣ እንጂ ክፍት ነው።»

እናቱ ገብተው በሩን ደረገሙት። ሳምንታት ሙሉ ለልጃቸው የሰጡት ሰላምታ እንኳ በግድ ነበር።

በመስከረም በእህቱ ሠርግ ላይ አባትየው በግራ እጃቸው አነሱ። ሞላውን መጠምዘዝ ስለማይችሉ ዙምራድ አጠገባቸው ቆማ፣ ካሜራው በቆመ ቁጥር ትጠመዝዝላቸዋለች። አንዴ ፊልሙ ተቀረቀረ፤ እንግዳው እየተንጫጫ፣ ፊልሙን ብርሃን እንዳይነካው ካፖርት ተከናንባ በጨለማው ውስጥ በዳሰሳ አስተካከለችው። እናቱ ከሴቶቹ ድንኳን ሆነው ሲያዩ ዋሉ።

በኅዳር ዙምራድ ከሥራ ወደምትኖርበት የአጎቷ ቤት ስትመለስ የባሕሮም እናት ተቀምጠዋል። ፊታቸው አልተፈታም፤ ጉልበታቸው ላይ ግን የጋብቻ ቃል ሲታሰር የሚቆረሰው ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። የአጎቷ ሚስት አንዱን ጠርዝ፣ እሳቸው ሌላውን ይዘው ቆረሱትና ለዙምራድ ዘረጉላት። እሷ በቅባት የጠቆረ እጇን የምትጠርግበት ፈልጋ ዙሪያዋን ቃኘች።

«ተይው፣ ያዢ» አሉ እናቱ። «አርባ ዓመት እንደዚህ ያለ እጅ ያለው ባል ሳበላ ኖሬያለሁ።»