አሥረኛው ቡሎን

ጠጋ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ነገር ከሩቅ የሚሰማ አይደለም።

ድሮ ነው፤ ስሙን በማልጠራው መንደር። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት። ጨረቃ የለም። ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ሰው የለም፣ ውሻ የለም። አንድ ሰው ብቻ ፋኖስ አንጠልጥሎ ቁልቁል ይወርዳል። ማን ነው? መካኒኩ ወንድይፍራው ነው። በነጋታው ሙሽራ ነው። ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ ብቻውን ይወጣል? አይወጣም! ግን ምን ያድርግ? ሚዜዎቹ ጠላውን ጠጥተው እንደ ግንድ ተጋድመዋል። ሙሽሪትን የሚያመጣው አሮጌ የጭነት መኪና ደግሞ ወንዙ ዳር ተበላሽቶ ቆሟል። አባቷ "ፀሐይ ሳትወጣ ካልደረሰ ልጄን ለሌላ እድራለሁ" ብለው ምለዋል። እሳቸው ደግሞ ከማሉ ማሉ ነው።

የሞተሩ ማሸጊያ ተቃጥሏል። እሱን ለመቀየር የሞተሩ ክዳን መነሳት አለበት። ክዳኑን የያዙት አሥር ቡሎኖች ናቸው። ወንድይፍራው አንዱን ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። ዘጠኙን ፈታ። አሥረኛው እምቢ አለ። ናፍታ አጠጣው፤ እምቢ። በመዶሻ መታ መታ አደረገው፤ እምቢ። ችቦ ለኩሶ አጋለውና ቁልፉን ወደ ግራ ተጫነው። ሲጢጥ! ሩብ ዙር ዞረ።

"ተመስገን" ብሎ ላቡን ሊጠርግ ለቀቀው። ቡሎኑ ምን አደረገ? ሲጢጥ ብሎ ወደ ቀኝ ተመለሰ።

ማን አዞረው? ነፋስ ቡሎን ያዞራል?

ደግሞ ወደ ግራ አዞረው። ደግሞ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ከሞተሩ ሥር አንድ ነገር "እህ!" ብሎ አቃሰተ። ወንድይፍራው ፋኖሱን ዝቅ አደረገ። መጀመሪያ ጣቶች አየ፤ ዘይት የጠጡ ጥቁር ጣቶች። ከዚያ ክንድ። ከዚያ ቆብ። ከቆቡ ሥር ፊት። ፊቱን ያውቀዋል! ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ዋሴ ናቸው። ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ መቃብራቸው ላይ አፈር የመለሰው ራሱ ወንድይፍራው ነው።

"ጋ... ጋሽዬ፣ አልሞቱም እንዴ?"

"ሞቻለሁ እንጂ! ማን አሳረፈኝ?"

"ታዲያ ቡሎኑን ለምን አይለቁልኝም? ነገ እኮ ሠርጌ ነው!"

ጋሽ ዋሴ አቀረቀሩ።

"ሰብሬዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ሳጠብቀው ተሰበረ። ግማሹ ውስጥ ቀረ፤ ላዩን በቅጥራን አጣበቅሁት። ለባለመኪናው 'እንደ አለት ጠብቋል' አልኩት። ከሞትኩ ጀምሮ ሰው እንዳያይብኝ ከሥር ይዤ ተቀምጫለሁ።"

"አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ሰው ያለ ስም ምን ይኖራል?"

"ጋሽዬ፣ እርስዎ እኮ አይኖሩም።"

"አትሳደብ!"

ወንድይፍራው አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። "ጋሽዬ፣ እኔ ስንት የሰበርኩ ይመስልዎታል? ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት" አላቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። "ሁለት?"

"ሁለት። ለማንም አልተናገርኩም።"

ያን ጊዜ ለቀቁለት። ግማሹ ቡሎን ብቅ አለ። ውስጥ የቀረውን ለማውጣት ግን ሌሊቱን ሙሉ ታገሉ፤ አንዱ መሮና መዶሻ ይዞ፣ አንዱ ፋኖስ ይዞ።

"ናፍታ ጨምር! መሮውን ጠርዙ ላይ አድርገህ ነካ ነካ አድርገው! ወደ ግራ አልኩህ! ዛሬም ግራና ቀኝህን አልለየህም?"

ዶሮ ሲጮህ ስባሪው እንደ ልጅ ጥርስ ወለቀ። ማሸጊያው ተቀየረ፤ ክዳኑ ገጠመ፤ በአዲስ ቡሎን ጠበቀ። ሞተሩ አስሎ አስሎ ተነሣ። ወንድይፍራው ዞር ሲል ጋሽ ዋሴ የሉም። "በቃ፣ አረፉ" ብሎ አማተበ።

አርፈዋል? ስሙኝ።

ሚዜዎቹን ቀስቅሶ ጭኖ ገሠገሠ። ፀሐይ ሳትወጣ ደረሰ። የሙሽሪት አባት ደጃፍ ላይ ቆመው ከመኪናው የሚወርዱትን ቆጠሩ።

"ሦስት ሚዜ ነበር የተባልኩት። አራተኛው ማነው?"

ወንድይፍራው ዞረ። ከሚዜዎቹ መሀል፣ በነጭ ጋቢ፣ ያ ቆብ! እነዚያ ጣቶች!

"መንገድ ላይ ቢቆምብህስ ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ዋሴ።

ሦስቱ ሚዜዎች አጥር ዘለሉ። ሙሽሪትን በክብር አጅበው ያመጧት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ምን ይደረግ?

ስለዚህ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። ብቻውን የሄደ ብቻውን አይመለስም። ለመሆኑ እናንተስ ስትመጡ ስንት ነበራችሁ? ስትገቡ እኔ የቆጠርኩት ሰባት ነበር።

አሁን ግን ስምንት ናችሁ!