ለመንገደኛው የተተከለው ድንኳን

ኑ፣ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። አንቺም ከመስኮቱ ዞር በይ፣ ከዋክብቱ የትም አይሄዱም። ዛሬ የማጫውታችሁ እናንተ ሳትወለዱ እዚሁ መርከባችን ላይ፣ «ማዶ» ላይ፣ የሆነውን ነው።

ያን ጊዜ በየእሑዱ ከምድር አንድ ተከታታይ ድራማ ይመጣልን ነበር፤ «መንገደኛው» ይባላል። በዘመናት መካከል የሚመላለስ ሰው ታሪክ ነው፤ መጓጓዣው ደግሞ የዛገች የቆርቆሮ ኪዮስክ። በሯን ከፍቶ ብቅ ሲል «ደረስኩ ወይስ አለፈኝ?» ይላል። ድራማው አያቶቻችን ከምድር ሳይነሱ የተጀመረ ነውና፣ ተዋናዩ ሲያረጅ መንገደኛው ፊቱን ለውጦ ይቀጥላል። ማንም አይደነግጥም። ፊቱ ይለወጣል እንጂ እሱ አይሞትም።

ድራማውን የሚቀበልልን «ጆሮ» ነው። ጆሮ የምንለው ከመርከቧ ጀርባ የተተከለውን፣ ከምድር የሚመጣውን ደካማ ሞገድ የሚለቅመውን ትልቅ ሳህን ነው። ባለሙያዋ የውብዳር ትባላለች፤ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ እጇ ከቅባት የማይጠራ ሴት።

አንድ እሑድ መንገደኛው የኪዮስኩን በር ከፈተ። ፊት ለፊቱ ያለውን አየ፣ ደረቱን ያዘ፣ በጉልበቱ ወደቀ። ምስሉ እዚያው ላይ፣ ፊቱ ሳይለወጥ፣ ተቆረጠ።

ከዚያ ምግብ ቤቱን የሚመሩት እትዬ ባንቺወሰን «ወየው!» ብለው ጮኹ።

በቃ፣ ለቅሶ ሆነ። ምን ያስቃችኋል? ስንት ዘመን በየሳምንቱ ቤታችን የገባ ሰው ነው! በዋናው መተላለፊያ ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጥላዬ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ።

የውብዳር የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ መሀል ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሰውየው አልሞተም። የጆሮ ማጠፊያ ነው የተያዘው። መርከቧ ስትዞር አብሮ መዞር አቃተው።»

«ሲወድቅ አላየሽም?»

«ሲወድቅ አየሁ። ሲሞት አላየሁም።»

«ይቺ ልጅ ድሮም ልብ የላትም» አሉ እትዬ ባንቺወሰን ሳህኑን እያቀረቡ። «እንኪ፣ ዝገኚ።»

«አልዘግንም እትዬ። የቁም ሰው ንፍሮ አልበላም።»

ጋሽ ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሚኝ የውብዳር። የአትክልት ክፍሉ መብራት ደክሟል፣ ጎመኑ ቢጫ ሆኗል። በሦልስቱ ድንኳኑ ሲነሳ የጆሮን ኃይል ወደዚያ እናዞራለን። ከእንግዲህ ምን እናይበታለን?»

የውብዳር ፊቷ ተለወጠ። ጆሮ ከጠፋ ይቀዘቅዛል፣ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ከድራማው ሌላ ከምድር የሚመጣልን ነገር አልነበረም። ይሄ ከጠፋ ምድርን ዳግመኛ አንሰማም ማለት ነው።

«በሦልስቱ ቀን ድጋሚው ይተላለፋል» አለች። «እስከዚያ ይስጡኝ።»

«የሞተ ሰው ድጋሚ አለው?»

ለቀስተኛውን ሁሉ ሳቅ አመለጠው። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጋሽ ጥላዬ አዩዋት፣ አዩዋትና «በይ እሺ፣ ድጋሚው እስኪያልቅ» አሉ።

የጠፈር ልብሷን ለብሳ ከመርከቧ ወጣች። በማጠፊያው ውስጥ የገባው የጠፈር አቧራ ከቅባቱ ጋር ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። መፍቻዋ ተሰበረ፣ ተመለሰች። በማግስቱም ወጣች፤ አልሆነም። በሦልስቱ ጧት የግራ ጓንቷን ማሞቂያ ሽቦ ከላዩ ፈታ፣ የተጋገረውን ቅባት እንዲያቀልጥ ማጠፊያው ላይ ጠመጠመችው። ብርዱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲወስዳቸው ይሰማታል።

«አንቺ ልጅ፣ ግቢ!» አሉ ጋሽ ጥላዬ በሬዲዮ። «ለድራማ ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

«አይጨነቁ ጋሼ፣ ድንኳኑ እንደሆነ ተተክሏል።»

ጥርሷን ነክሳ ገፋችው። አንዴ። እንደገና። ጆሮ ተንቀጠቀጠና ቀስ ብሎ ወደ ምድር ዞረ።

ስትገባ ድጋሚው በድንኳኑ ውስጥ ጀምሯል። ግራ እጇን በብብቷ ውስጥ ወትፋ ከሕዝቡ ጋር ቆማ አየች። መንገደኛው በሩን ከፈተ፣ ደረቱን ያዘ፣ በጉልበቱ ወደቀ። ምስሉ አልተቆረጠም።

መንገደኛው አልሞተም። ያለቅስ ነበር።

ከፊቱ ምድር ላይ ለመታሰቢያ የቆመ የአንዲት መርከብ በር ነበር፣ በላዩ ላይ «ማዶ» ተብሎ የተጻፈበት። «ደረስኩ ወይስ አለፈኝ?» አለ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት «አለፈህ» አለችው። «ድምፃቸው ከጠፋ ስንት ዘመን ሆነ። ነፍሳቸውን ይማር።» ከኋላዋ ድንኳን ይታያል፣ ንፍሮ ይታደላል፤ የአያቶቻችን ስም ይጠራል።

እኛ በድንኳናችን ውስጥ ተቀምጠን እርስ በርስ ተያየን።

«እኛ ሞተናል እንዴ?» አሉ እትዬ ባንቺወሰን፣ በቀስታ።

የውብዳር ድምፃችን ለምን እንደጠፋ ልታይ ወደ ኃይል ማከፋፈያው ሄዳ ከፈተችው። «አፍ» የምንለው፣ ወደ ምድር የሚናገረው መሣሪያ፣ ሽቦው ተነቅሎ ከጆሮ ጋር ተቀጥሏል። «ማን ነው አፍን የነቀለው?»

ጋሽ ጥላዬ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኛ ነን» አሉ። «ወጣት ሳለሁ፣ በስብሰባ። ምስሉ ደብዛዛ ነበር፤ የአፍን ኃይል ጆሮ ላይ ብንጨምረው ይጠራል ተባለ። እኛ ደግሞ ምን የምንለው አለን? ተወለዱ፣ ተጋቡ፣ ጎመን በሉ... እንይ እንጂ አልን። ሁላችንም እጃችንን አወጣን።»

«ሁለቱን አብሮ የሚያሠራ ኃይል የለንም» አለች የውብዳር። «ካልጨለምን በቀር።»

እትዬ ባንቺወሰን ተነሡ። «እንጨልማ! ጎመኑም ቢጫ ይሁን። ቢጫውን እቀቅላለሁ።»

የመኝታ ክፍሎቹ መብራት ሁሉ ጠፋ። የውብዳር በአንድ እጇ ሽቦውን ስታስር ጋሽ ጥላዬ ፋኖስ ያዙላት። ከዚያ ሕዝቡ በጨለማው ተሰልፎ አንድ በአንድ ወደ አፍ ቀረበ። «ጥላዬ ነኝ፣ አለሁ።» «ባንቺወሰን ነኝ፣ አለሁ፤ ንፍሮውን አንሡት፣ አታባክኑ!» የውብዳር መጨረሻ ላይ ቆመች። ነገረኛዋ ሴት ቃል አጣች፤ ትንፋሿ ብቻ ለረጅም ጊዜ ወደ ምድር ሄደ።

ልጆቼ፣ ያ ድምፅ ዛሬም መንገድ ላይ ነው። ምድር ሩቅ ናት። እዚያ ያሉት አሁንም እኛን እያለቀሱ ይሆናል፤ ሳያውቁን፣ ሳንነግራቸው። እሑድ ስትሰበሰቡ ምስሉን ከመክፈታችሁ በፊት ወደ አፍ ሂዱና ስማችሁን ተናገሩ። አዲስ ወሬ ባይኖራችሁም ግድ የለም፣ ጎመን በላን በሉ። ይህችን ብቻ፣ እባካችሁ፣ አትርሱብኝ።