ከውስጥ የሚቆሽሽ ቱታ

አሮጊት ስትናገር ሰው ጆሮውን አይሰጣትም። ጀርባውን ነው የሚሰጣት።

እናንተም ልትሰጡኝ ትችላላችሁ፤ ለምጄዋለሁ። ግን እውነት ነው የምነግራችሁ። ሰው አላወራልኝም፣ በሕልሜም አላየሁት። በእነዚህ እጆቼ አሽቼዋለሁ።

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የእህቴ ልጅ ትጽፋለች። ከራሷ አንድ ቃል ብትጨምር ወየውላት።

ሰዓቱ ቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ። ጨለማ ነው፣ ዓይንሽ አታሎሽ ነው እንዳትሉኝ።

ቦታው የድሮው የነዳጅ ዘይት ማውጫ ነው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል...

ዘይቱ ካለቀ ቆይቷል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ ጉልበቱን የጨረሰው እዚያ ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ሁሉም ጥሎት ሄደ። ብረቱን ዝገት በላው።

ከዚያ ሌሎች መጡ። የሚፈልጉት ዘይት አይደለም፤ ከዘይቱ በታች የቀረውን ውሃ ነው። ውሃ አልኩት እንጂ ውሃስ አይደለም። ጨው የጠገበ፣ የሚያጣብቅ፣ የገማ እንቁላል የሚሸት ነገር ነው። በፓምፕ ይስቡታል፣ በማጣሪያ ያሳልፉታል፣ ውስጡ ያለውን ሊቲየም የሚሉትን ነገር ይለቅሙለታል። የተረፈውን መልሰው እዚያው ጉድጓድ ይደፉታል። ሊቲየሙ በኤሌክትሪክ ለሚሄድ መኪና ባትሪ ይሆናል አሉ።

«ንጹሕ መኪና ነው እማማ። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው» አለኝ አለቃቸው ኢንጂነሩ።

«ሽታውማ እኔ ጋ ቀርቶ!» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የመሬትን ሞራ በልተው ሲጨርሱ ላቧን መጭመቅ ጀመሩ። ያስጠላል።

የእኔ ሥራ የሠራተኞቹን ቱታ ማጠብ ነው። ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ስም ቢጻፍበት ለእኔ ምን ይረባኛል? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የክር ቀለም አለኝ። ከኮሌታው ሥር፣ ማጅራት የሚያርፍበት ላይ፣ በመርፌ ወግቼ እቋጥረዋለሁ። ቀዩ የፓምፕ ጠባቂው ነው። አረንጓዴው የበያጁ።

ቢጫው የልጄ።

ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ማጣሪያው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ዝቃጩን የሚፍቀው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሽታውን ፈርቶ እምቢ አለ፤ የእኔ ሞኝ እሺ አለ።

ፈረቃ የሚለወጠው ቀትር ላይ ነው። ሁሉም የቆሸሸውን ይጥላል፣ ክሩን አይቶ የታጠበውን ከመስቀያው ያወርዳል። ተሳስቶ የሰው ልብስ የለበሰ አላየሁም።

አንድ ቀን ግን ክምሩ ውስጥ... ክር የሌለው ቱታ አገኘሁ።

አነሳሁት። ከውጭ ንጹሕ ነው። ጭቃ የለው፣ ቅባት የለው።

ቅር አለኝ። እዚህ ቦታ ውሎ ንጹሕ የሚመጣ ማነው?

ገለበጥኩት...

ኤጭ!

ውስጡ ከአንገቱ እስከ እግሩ ግራጫ ሞራ ተለቅልቋል። የከረፋ ሞራ። ስጎትተው እንደ ልጋግ ይለጠጣል እንጂ አይበጠስም። ብብቱ ላይ የቁስል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ነገር ተጣብቋል።

ደግሞም ሞቅ ይላል። አሁን ከገላ ላይ የወለቀ ያህል...

አብራኝ የምትሠራው ቀጮ አፍንጫዋን ይዛ መጣች። ቀጮ የምንላት በር ስለማይበቃት ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንጃ። የሰው ላብ አይደለም።»

«በሞቴ ጣይው! ምሳዬን ልታስወጪኝ ነው እንዴ?»

«ምሳሽ ቢወጣ ምን ትጎጃለሽ?» አልኳት። «የመሥሪያ ቤት ልብስ አይጣልም።»

አዲስ ሰው ተቀጥሮ ይሆናል ብዬ በበረኪና አሸሁት። ምልክት የሌለው ልብስ ደግሞ አልወድም። መርፌዬ ላይ የልጄ ቢጫ ክር ተርፎ ነበር፤ ጠዋት ኮሌታውን ስጠግንለት የቀረ። ለዛሬ ይሁን፣ ነገ እለውጥለታለሁ ብዬ ያንኑ ቢጫ ክር ማጅራቱ ላይ ቋጠርኩት።

ስወጋው... ጨርቁ ሽምቅቅ አለ።

እርጥብ ስለሆነ ነው አልኩ።

በማግስቱ ያ ቱታ ከመስቀያው ወርዷል። ማን እንደወሰደው ያየ የለም። ፈረቃው ሲለወጥ ግን ከክምሩ ውስጥ አገኘሁት። አሁን እንደማንኛውም ሠራተኛ ልብስ ከውጭ ቆሽሿል። ጭቃ፣ ቅባት፣ ጨው። ውስጡ ደረቅ።

የልጄን አነሳሁ። ሁለቱም ቢጫ ክር አላቸው፣ ግን የልጄ ጉልበቱ ላይ የጣፍኩት እራፊ አለ። አልስተውም።

የልጄ ከውጭ ንጹሕ ነበር።

እጄን ወደ እጅጌው ሰደድኩ...

ሞራ። ሞቅ ያለ ሞራ።

ኮሌታውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የልጄን ላብ ሽታ አውቀዋለሁ፤ ሽንት ጨርቁን ያጠብኩ እናቱ ነኝ። ዛሬ ግን የእሱ ሽታ የለም። ጉድጓዱ ጉድጓዱን ይላል።

ቤት ስገባ ማድጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ውሃ ይጠጣል። ቀድቶ ቀድቶ አልረካም።

«ምን ሆነሃል?»

«ጠማኝ እማ።»

«ያን ሁሉ ጠጥተህ?»

ጣሳውን አየ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«እማ... ይሄ ውሃ ጨው ይጎድለዋል።»

ሲነጋ ሁለቱንም ቱታ ይዤ ኢንጂነሩ ዘንድ ሄድኩ። የልጄን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ጨው እኮ ነው እማማ። ከሰውነት ወዝ ጋር ሲገናኝ ይረጋል።»

«ያንተም ሸሚዝ እንዲህ ይረጋል?»

«እኔ ገንዳ ውስጥ አልገባም» አለና ሳቀ። «ጓንት አስመጣልዎታለሁ።»

«ልጄን ከገንዳው አውጣልኝ። መጥረጊያ ስጠው፣ በር ያስጠብቀው። ጓንት አልለመንኩህም።»

«ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ደግሞ እርስዎ ደክመዎታል፤ ትንሽ ቢያርፉስ?»

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ብዬው ወጣሁ። ገብቶት ከሆነ።

ልጄን «ከሥራ ቅር» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። በየቀኑ ሄደ። በየቀኑ ቱታው ከውጭ እየጠራ፣ ከውስጥ እየከፋ መጣ። ያኛው ደግሞ... እየቆሸሸ፣ ጉልበቱና ክርኑ እየሳሳ። የሚለብሰው ሰው እንዳለው።

አንድ ቀን ጠዋት ልጄ ከአልጋው አልተነሳም።

ፍራሹን ስጫነው ወፍራም ውሃ አንቆረቆረ። የገማ እንቁላል ይሸታል። የልጄ ክንድ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጨማዷል። ጣቶቼን ካሳረፍኩበት ሳነሳ አብሮ የሚሳብ ነገር አለ። እናት ልጇን ትጸየፋለች? እኔ ተጸየፍኩ። ግን እንደገና ያዝኩት።

«እማ...»

«አለሁ።»

«ክንዴ ደከመኝ... ስፍቅ ውዬ።»

«የት ነው የፋቅኸው? ገና ነግቶ አልፈካም፣ አልጋህ ላይ ነህ።»

«አሁንም እየፋቅሁ ነው እማ...»

እጁን አየሁት። ብርድ ልብሱ ላይ ወደፊት ወደኋላ ይሄዳል።

ከዚያ ማጅራቱን አከከ።

ፀጉሩን ገለጥኩ...

ቢጫ ክር።

ሥጋው ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። ሁለቴ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚጠለቅ ቋጠሮ። እንዲህ የሚቋጥር ሌላ ሰው የለም፤ የእኔ ቋጠሮ ነው።

መቀሴን አመጣሁ። ጫፉን ገና ሳስነካው ከክሩ ሥር ግራጫው ሞራ ተንጠባጠበ። ልጄ አፉን ከፈተ። ጮኸ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ከጉሮሮው የወጣው ፓምፕ አየር ሲስብ የሚያሰማው ዓይነት ነው...

አልቻልኩም። መቀሱን መለስኩ።

ይህን የምትጽፈውን የእህቴን ልጅ አጠገቡ አስቀመጥኳት። መቀሱን ጉያዬ ከትቼ ሄድኩ።

ስደርስ ቀትር ሆኗል። የኢንጂነሩ ቢሮ ከላይ ነው፤ በመስታወቱ ገንዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ልጄ ታሟል» አልኩት። «ከአልጋው አልተነሳም። ሐኪም ላክልኝ፣ እዚህ ምን እንዳስነካችሁት ለሐኪሙ ንገርልኝ።»

ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«ምን ማለትዎ ነው? ከጠዋት ጀምሮ እየሠራ ነው። ያውና!»

በመስታወቱ አየሁ።

ገንዳው ውስጥ አንድ ሰማያዊ ቱታ ጎንበስ ቀና ይላል። ጀርባውን ሰጥቶናል። የልጄ ትከሻ። የልጄ ቁመት። ይፍቃል... ይፍቃል... ክንዱ ወደፊት ወደኋላ።

ጉልበቱን አየሁ። እራፊ የለውም።

«እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ የለኝም» አለ ኢንጂነሩ እየኮራ። «አይናገር፣ ውሃ አይጠጣ፣ አያርፍ።»

ያኔ ሥራውን አቆመ።

ሳይዞር... እጁን ወደ ማጅራቱ አነሳ። አከከ። ከእጅጌው ግራጫ ነገር ተንጠልጥሎ ወረደ። ረዘመ፣ ረዘመ፣ አልተበጠሰም።

ኢንጂነሩ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

«ለምን ጓንት...» አለና ተወው። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «እማማ... ጥፍር የለውም።»

መቀሱን ከጉያዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ጨው ነው ብለኸኝ የለ? ጨው ሰው አይበላም። ያዝና ውረድ። ከልጄ ማጅራት መቁረጥ አልቻልኩም፤ ያንን ክር ከዚያኛው ማጅራት ላይ አንተ ቁረጥልኝ።»